የዕለት ተዕለት ተግባርና ተደጋጋሚ ባሕርይ፦ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ሰዎች የቀን ውሎ በሐዋሳ

የአእምሮ እድገት ውስንነት ባለባቸው ሰዎች ዘንድ ከሚታዩ ጠባዮች ሁሉ የቤተሰብን ትዕግሥት የሚፈትነውና የመንገደኛን ዓይን የሚስበው ተደጋጋሚ ባሕርይ ነው። አካልን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ማወዛወዝ፣ ጣትን በዓይን ፊት ማርገብገብ፣ አንዱን ቃል እየመላለሱ ማለት፣ ክር ወይም ቅጠል ይዞ ሲያሽከረክሩ መዋል፣ ከሁሉም የከፋው ደግሞ ራስን ከግድግዳ ማጋጨትና እጅን መንከስ በዚህ ስም ይጠቃለላሉ። ባሕርዩን ለማስረዳት በኅብረተሰቡ ዘንድ ሁለት መልሶች ሲሰጡ ይሰማል። አንደኛው «መንፈስ ይዞት ነው» የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው «ሕመሙ ነው፤ አንጎሉ ነው» የሚል ነው። የመጀመሪያው ወደ ጠበል ወይም ወደ ጸሎት ቤት ይወስዳል፤ ሁለተኛው ወደ ሆስፒታል። መልሶቹ በብዙ ነገር ቢለያዩም በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ሁለቱም የሚመለከቱት የሰውየውን ውስጥ ብቻ ነው። ሰውየው ያን ዕለት ከጧት እስከ ማታ ምን ሲሠራ እንደዋለ ግን አንዱም አይጠይቅም።

ጥያቄው አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1963 ዴቨንፖርትና በርክሰን የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በተቋም ውስጥ ይኖሩ የነበሩ ሰዎችን ሲከታተሉ፣ በእጅ ሊያገላብጡት የሚችሉት አዲስ ዕቃ ሲቀርብላቸው ተደጋጋሚ እንቅስቃሴያቸው እንደሚቀንስ አስተዋሉ። እ.ኤ.አ. በ1980 ሆርነር ባወጣው ጥናት ደግሞ ከባድ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ሕፃናት የሚውሉበት ክፍል በመጫወቻና በልዩ ልዩ ዕቃዎች ሲሞላ ጠቃሚ ተግባራት ጨመሩ፤ ጎጂዎቹ ቀነሱ። ሕፃናቱ በዕቃዎቹ ሲጠቀሙ የሚያበረታታቸው ሰው ሲታከል ለውጡ ይበልጥ ጎላ። ከሁለቱም ይልቅ ልብ የሚነካው ማስረጃ የመጣው ግን ከሩማንያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 የቻውሼስኩ መንግሥት ከወደቀ በኋላ በሕፃናት ማሳደጊያዎች ውስጥ አልጋ ላይ የተተዉ ሕፃናት ሲወዛወዙ ዓለም ተመለከተ። ከእነርሱ መካከል እንግሊዛውያን ቤተሰቦች በማደጎ የወሰዷቸውን ፕሮፌሰር ማይክል ራተርና ባልደረቦቻቸው ለብዙ ዓመታት ተከታተሏቸው፤ ሲደርሱ ይወዛወዙ ከነበሩት ብዙዎቹ ቤተሰብ፣ መጫወቻና የሚያናግራቸው ሰው ካገኙ በኋላ ባሕርዩን ተዉት። ይዘውት የቀሩም ነበሩ። ባዶነት ብቻውን ፈጠረው ማለት ባይቻልም፣ ባዶነት እንዳሳደገው መካድ ግን ያስቸግራል።

ምክንያቱን ለመረዳት ከማንኛውም ሰው መነሣት ይቻላል። ታክሲ ተራ ላይ የቆመ ሰው እግሩን ሲያንቀጠቅጥ፣ ስብሰባ የሰለቸው ሹም እስክሪብቶውን ቀጭ ቀጭ ሲያደርግ ማየት እንግዳ አይደለም። የሰው ነርቭ ሥርዓት ያለ አንዳች ስሜት ተቀምጦ መዋል አይወድም። ማንበብ፣ ማውጋት ወይም ስልኩን መነካካት የሚችል ሰው ባዶ ሰዓቱን በእነዚህ ይሞላዋል፤ እነዚህ ያልተሰጡት ሰው ደግሞ በሰውነቱ ይሞላዋል። መወዛወዝ በውስጥ ጆሮ ያለውን የሚዛን ስሜት ይቀሰቅሳል፤ ጣት ማርገብገብ ለዓይን ብርሃንና ጥላ ያፈራርቃል። ማንም ባይሸልመው ድርጊቱ ራሱን ይሸልማል። «ተው!» የሚለው ቁጣ እምብዛም የማይሠራውም በዚህ ምክንያት ነው፤ እጁ የተያዘ ልጅ እጁ ሲለቀቅ ወደነበረበት ይመለሳል፤ የሚተካ ነገር አልተሰጠውምና።

ከላይ የተጠቀሱት ጥናቶች መነሻቸው ትልልቅ ተቋማት ናቸው። በኢትዮጵያ እንዲህ ያሉ ተቋማት እምብዛም አልተስፋፉም፤ ይህም መልካም ዕድል ይመስላል። ነገር ግን ተቋሙ ባይኖርም ጓዳው አለ። እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ አንድ ጥናት በአዲስ አበባ የእድገት መዛባት ያለባቸውን ልጆች ወደ አእምሮ ሕክምና ክሊኒክ ያመጡ 102 አሳዳጊዎች ተጠይቀው ነበር። 45.1 በመቶዎቹ በልጃቸው ሁኔታ እንደሚያፍሩ፣ 26.7 በመቶዎቹ ነገሩን በምስጢር ለመያዝ እንደሚጥሩ ተናገሩ፤ 40.2 በመቶዎቹ መንስኤውን ከመንፈስ ጋር አያያዙት። ካልተሟሉ ፍላጎቶች ሁሉ ቀዳሚው የልጁ ትምህርት ነበር፤ 74.5 በመቶ የሚሆኑት ይህን አንሥተዋል። እነዚህ አሳዳጊዎች ቢያንስ ከቤት ወጥተው ክሊኒክ የደረሱ ናቸው። ከቤት ያልወጡት ስንት እንደሆኑ በክሊኒክ በር ላይ በሚደረግ ጥናት አይታወቅም።

መደበቅ ደግሞ የራሱ ውጤት አለው። ልጁ ይወዛወዛል፤ ቤተሰቡ ያፍራል፤ እንግዳ ሲመጣ ልጁ ወደ ጓዳ ይገባል። በጓዳው ውስጥ የሚነካው ነገር፣ የሚያናግረው ሰው፣ የሚላክበት ሥራ የለም። ስለዚህ ይበልጥ ይወዛወዛል፤ መወዛወዙ ሲብስ ለመደበቁ ተጨማሪ ምክንያት ይገኛል። ዓመታት ሲያልፉ ልጁ ጎልማሳ ይሆናል፤ ጉልበቱ ይበረታል፤ መወዛወዙ ራስን ወደ መምታት ካለፈ ገመድ ይመጣል። በዚህ ደረጃ ላይ የሚደርስ ባለሙያ የሚያየው መጨረሻውን ነው፤ በመዝገቡ ላይም «ጠበኛ» ወይም «ራሱን ይጎዳል» ብሎ ይጽፋል። ባዶው ቀን በመዝገቡ ላይ ቦታ የለውም።

የሚያስቆጨው፣ በዚያው ቤት ውስጥ ሥራ ሞልቶ መትረፉ ነው። ከጓዳው ግድግዳ ወዲያ ማዶ ቡና እየተፈላ ሊሆን ይችላል። ቡና ማፍላት አንድ ሥራ አይደለም፤ የብዙ ትንንሽ ሥራዎች ሰንሰለት ነው። ፍሬው ይለቀማል፣ ይታጠባል፣ ይቆላል፣ ጭሱ ለተቀመጡት ይዞራል፣ ይወቀጣል፣ ጀበና ውስጥ ይገባል፣ ሲኒው ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ ይደረደራል፣ ፈንዲሻው ይታደላል። እያንዳንዱ የራሱ ሽታ፣ ድምፅ፣ ክብደትና ሙቀት አለው። መውቀጡን ብቻ ነጥሎ መመልከት ይበቃል። ዘነዘናው ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል፤ ክንድ ክብደቱን ይሰማዋል፣ ጆሮ ምቱን ይጠብቃል። በእንቅስቃሴው ረገድ ከመወዛወዝ ብዙ አይርቅም። የሚለየው መጨረሻው ነው፤ በሙቀጫው ውስጥ የደቀቀ ቡና ይገኛል፣ «እጅህ ይባረክ» የሚል ሰው አለ፣ ቀጥሎ የሚመጣ ሥራ አለ። አንድ ዓይነት እንቅስቃሴን የሚወድ ሰው ከሰው መሐል ሳይወጣ የሚወደውን የሚያገኝበት ቦታ ነው።

በሐዋሳ ዙሪያ ባለው የሲዳማ ገጠር ደግሞ እንሰት አለ። እንሰት መፋቅ፣ መጭመቅ፣ የተብላላውን ማሸትና መንፋት ጉልበትና ምት የሚጠይቁ፣ ሴቶች በደቦ ተሰብስበው እየዘፈኑና እያወጉ የሚሠሯቸው ሥራዎች ናቸው። ምስር መልቀም፣ ልብስ ማስጣት፣ ግቢ መጥረግ፣ ውኃ መቅዳት፣ ከሱቅ ጨው ገዝቶ መምጣት ሁሉም እንዲሁ ለእጅና ለእግር የተሰጡ ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት የእድገት መዘግየት ላለባቸው ልጆች አሳዳጊዎች ያዘጋጀውና በአዲስ አበባና በቡታጅራ አካባቢ የተሞከረው የክህሎት ሥልጠና የቆመው በዚሁ ሐሳብ ላይ ነው። ልዩ ክፍልና ውድ መሣሪያ አይጠይቅም፤ ልጁን በምግብ ሰዓት፣ በልብስ መልበስ፣ በጨዋታና በቤት ሥራ መካከል ማሳተፍን ያስተምራል።

እናቶች የሚያነሡት ተቃውሞ ግን ቀላል አይደለም፤ በሥልጠና ክፍል ውስጥ ተሸፋፍኖ የሚታለፍበት መንገድ ተገቢ አይመስልም። እሳቱ፣ ቢላዋውና የፈላው ጀበና አሉ። ጊዜም አለ፤ አንዲት እናት ብቻዋን በሩብ ሰዓት የምትጨርሰው ሥራ ከልጇ ጋር አንድ ሰዓት ይፈጃል። ቀኑን ሙሉ ጉልት ላይ የምትውል ከሆነ ያ ሰዓት ከየት ይመጣል? ሐሜቱም አለ። «የታመመ ልጇን ታሠራለች» መባልን የምትፈራ እናት ልጇን አስቀምጣ መመገብን እንደ ፍቅር ትቆጥረዋለች፤ ጎረቤትም ያመሰግናታል። የሃያ ዓመት ወጣት በሰው እጅ እየጎረሰ፣ ጫማው በሰው እጅ እየታሰረ ሲውል ማንም «ምን ተደረገ?» አይልም፤ ሲኒ ሲያጥብ ቢታይ ግን ወሬ ይሆናል።

ለዚህ ተቃውሞ ከሁሉ የተሻለው መልስ ያለው በብሪታንያ ጂም ማንሰልና የሥራ ጓደኞቹ ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባዳበሩት «ንቁ ድጋፍ» በተባለው አሠራር ውስጥ ነው። አሠራሩ ሰውየው ሙሉውን ሥራ እንዲችል አይጠብቅም። ሥራው ይበተናል፤ ሰውየው የሚችላት አንዲት ቁራሽ ትሰጠዋለች፤ ረዳቱ እንደ አስፈላጊነቱ በቃል፣ በምልክት ወይም እጅን በእጅ ይዞ ያግዘዋል፤ ሲችል እርዳታው ይቀንሳል። ቡናውን የምትቆላው እናት ናት፤ የታጠበውን ሲኒ በጨርቅ የሚያደርቀው ልጁ ነው። ሦስት ሲኒ ካደረቀና ከተነሣ ሦስት ሲኒ ደርቋል። አሠራሩ በተተገበረባቸው ቤቶች የሰዎቹ የተሳትፎ ጊዜ እንደሚጨምር ጥናቶች በተደጋጋሚ አሳይተዋል። አስቸጋሪ ባሕርይን በመቀነስ ረገድ ውጤቱ የተደባለቀ መሆኑም መነገር አለበት፤ በአንዳንድ ቤቶች ቀንሷል፣ በሌሎች ብዙ አልተለወጠም። ይህ ግን አሠራሩን የሚያስጥል አይደለም። አንድ ሰው ቡናው ዙሪያ ተቀምጦ እየተወዛወዘ ሲኒ ቢያደርቅ፣ ጓዳ ውስጥ ሆኖ ከሚወዛወዘው ጋር አንድ ነው ሊባል አይችልም።

የድብልቁ ምክንያት ደግሞ ተደጋጋሚ ባሕርይ ሁሉ ከባዶነት አለመምጣቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 ብራያን አይዋታና ባልደረቦቹ ራሳቸውን የሚጎዱ ዘጠኝ የእድገት ችግር ያለባቸው ሰዎችን በአራት ሁኔታዎች ተመለከቱ፦ ብቻቸውን ሲሆኑ፣ ራሳቸውን ሲጎዱ ሰው ሲያባብላቸው፣ ትምህርታዊ ሥራ ሲታዘዙና በነፃ ሲጫወቱ። በስድስቱ ላይ ጉዳቱ የሚበረታው በተለየ ሁኔታ ውስጥ ሆኖ ተገኘ፤ ሁኔታው ግን ከሰው ሰው ይለያይ ነበር። አንዱ ብቻውን ሲቀር ይብስበታል፤ ሌላው ሥራ ሲታዘዝ፣ ከሥራው ለማምለጥ። ለሁለተኛው ተጨማሪ ሥራ መስጠት እሳት ላይ ጋዝ ማፍሰስ ነው፤ እርሱ የሚፈልገው ሥራው እንዲያጥርለት፣ ምርጫ እንዲሰጠውና «በቃኝ» የሚልበት ምልክት እንዲማር ነው። ጩኸትና ግርግር ሲበዛበት ራሱን ለማረጋጋት የሚወዛወዝም አለ። ይህኛው መወዛወዙ መድኃኒቱ ነውና ጉዳት እስካላመጣ ድረስ ሊተውለት ይገባል። ተደጋጋሚ ባሕርይን በሙሉ እንደ ጠላት የሚያሳድድ ቤተሰብም ሆነ ባለሙያ የሰውየውን ብቸኛ ማረፊያ ሊነጥቀው ይችላል።

የሥራው ዓይነት ብቻ ሳይሆን ብርታቱም ይቆጠራል። እ.ኤ.አ. በ1984 ከርን፣ ኬገልና ደንላፕ ኦቲዝም ባለባቸው ልጆች ላይ ባደረጉት ጥናት ከ15 ደቂቃ ሩጫ በኋላ ተደጋጋሚ ባሕርይ ቀነሰ፤ ለተመሳሳይ ጊዜ ኳስ በመወርወር የተደረገው ቀላል ጨዋታ ግን ይህን ለውጥ አላመጣም። ጥናቱ ጥቂት ልጆችን የያዘ ቢሆንም ለሐዋሳ የሚሰጠው ትምህርት ግልጽ ነው። ከተማዋ ሜዳማ ናት፤ ሐይቋ ዳር ጧትና ማታ ሰው ይራመዳል፣ ይሮጣል። በጉዱማሌ ዛፎች ጥላ ሥር አድርጎ በሐይቁ ዳርቻ መፍጠን ገንዘብ አይጠይቅም። የሚጠይቀው አብሮ የሚሄድ ሰውና የመንገደኛን ዓይን የሚችል ትከሻ ነው።

ጉዱማሌ ሲነሣ ፍቼ ጫምባላላን አለማንሣት አይቻልም። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2015 በማይዳሰሱ ቅርሶች ዝርዝር ያሰፈረው ይህ የሲዳማ የዘመን መለወጫ በሐዋሳ የሚደምቀው በዚሁ አደባባይ ነው። በመዝገቡ ላይ በዓሉ በዕድሜ፣ በጾታና በማኅበራዊ ደረጃ ሳይለይ ሁሉም የሚሳተፍበት መሆኑ ተጽፏል። በመጀመሪያው ቀን ልጆች ከቤት ቤት እየዞሩ ጎረቤቶቻቸውን ሰላም ይላሉ፤ ከእንሰት፣ ከወተትና ከቅቤ የተዘጋጀ ቡርሳሜ ይቀርብላቸዋል። ሽማግሌዎች ቄጣላውን ሲመሩ በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ በአንድ ምት ይወዛወዛል፣ አንዱን ቃል እየመላለሰ ይዘምራል። በዚያ መሐል የሚወዛወዝ አንድ ሰው ለዓይን እንግዳ አይሆንም። ይሁን እንጂ ነገሩን ማሳመር አያስፈልግም፤ ለአንዳንዱ የበዓሉ ጩኸትና ግፊያ ከሚችለው በላይ ነው፤ ከአደባባዩ ዳር ራቅ ብሎ መቀመጥ ወይም ማልዶ መጥቶ ሕዝቡ ሳይበዛ መመለስ ይሻለው ይሆናል። ደግሞም በዓሉ አልፎ አደባባዩ ባዶ ሲሆን የቀረው ዓመት ይቀራል። ቡርሳሜውን ከቤት ቤት እየዞሩ ከሚቀምሱት ልጆች መካከል የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበት ልጅ ካለ፣ በማግሥቱ ያ ጎረቤት በስሙ ይጠራዋል፤ ከሌለ ግን ጎረቤቱ በዚያ ቤት አንድ ልጅ መኖሩን ሳያውቅ ይከርማል።

ሕጉ በዚህ ረገድ ከልማዱ ቀድሞ ሄዷል። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅም በፈቀደ መጠን የአካልና የአእምሮ ጉዳተኞችን የሚያቋቁም እንክብካቤ እንዲያደርግ ያዛል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2010 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ደግሞ በአንቀጽ 19 በኅብረተሰቡ ውስጥ መኖርን፣ በአንቀጽ 30 በባህላዊ ሕይወት፣ በመዝናኛና በስፖርት መሳተፍን መብት ያደርጋል። በተግባር በኩል ፈር የቀደዱት ግን ግለሰቦች ናቸው። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 በአዲስ አበባ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ሲከፍቱ ኦቲዝም የሚለው ቃል በአገሪቱ እምብዛም አይታወቅም ነበር። እርሳቸው ካረፉ በኋላም ትልቁ ውርሳቸው፣ በጓዳ የነበረን ልጅ በአደባባይ እጁን ይዞ መታየት ነውር አለመሆኑን ማሳየታቸው ነው።

ማዕከል መክፈት ግን በራሱ ቀንን አይሞላም። ወንበር ላይ በተርታ ተቀምጠው ቴሌቪዥን እያዩ የሚውሉበት ክፍል ጓዳውን አስፍቶ መሥራት እንጂ ሌላ አይደለም። በልዩ ፍላጎት ክፍሎችም እንዲሁ፤ መምህሩ አንዱን ተማሪ ሲያግዝ የቀሩት ተራ ይጠብቃሉ፤ ተደጋጋሚ ባሕርይ የሚበረታውም በዚህ የጥበቃ ሰዓት ነው። የሚያደነዝዝ መድኃኒት አንዳንዴ አስፈላጊ ቢሆንም ሲታዘዝ ሊቀድመው የሚገባ ጥያቄ አለ፦ ይህ ሰው ቀኑን በምን ያሳልፋል? ሰውነትን አደንዝዞ መወዛወዝን ማስቆም ይቻላል፤ የሚጠፋው ግን መወዛወዙ ብቻ አይደለም፤ ዘነዘናውን የሚያነሣው ክንድም አብሮ ይዝላል።

በዚህ ጉዳይ ላይ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያዘጋጁ ተማሪዎች አብዛኛውን ጊዜ ለወላጅ መጠይቅ ያድላሉ፤ ወላጁም «ብዙ ጊዜ»፣ «አንዳንድ ጊዜ» እያለ ምልክት ያደርጋል። ከዚህ የሚገኘው አሐዝ ባሕርዩ መኖሩን ይነግራል፤ መቼና በምን መካከል እንደሚመጣ ግን አይነግርም። የተሻለው ሥራ እምብዛም ወጪ የለውም። ሰዓት፣ እርሳስና በመስመር የተከፈለ ወረቀት ይበቃሉ። በየአምስት ደቂቃው ቀና ብሎ ማየትና በዚያች ቅጽበት ባሕርዩ አለ ወይስ የለም፣ በእጁ ምን ነገር አለ፣ አጠገቡ ማን አለ፣ ምን ታዟል፣ ድምፁ ምን ያህል ነው ብሎ መመዝገብ። ተራ የሥራ ቀን አንድ፣ የገበያ ቀን አንድ፣ የእሑድ ቀን አንድ፣ የፍቼ ሰሞን አንድ። ለቤተሰቡ አስቀድሞ ማስረዳትና ፈቃድ መጠየቅ፣ ሰውየውም የተመልካቹን መኖር ጠልቶ ፊቱን ካዞረ ወረቀቱን አጥፎ መውጣት ግዴታ ነው። በመጀመሪያው ቀን ቤተሰቡ ለእንግዳው ሲል ልጁን አልብሶና አስቀምጦ ስለሚጠብቅ የዚያን ዕለት መዝገብ ከስሌት ማውጣት ይበጃል። ከሦስተኛው ቀን በኋላ እናት ወደ ሥራዋ ትመለሳለች፣ ልጁም ወደ ቦታው ይመለሳል፤ የወረቀቱ መስመሮች መናገር የሚጀምሩት ያን ጊዜ ነው።